ሳይቀባ የቀረው በር

ፒያሳ ቆሜ ስስል ያለፈው ሁሉ «ፎቶ አንስተህ አትገላገልም?» ይለኛል፤ ፎቶ ማንሳት አቅቶኝ ይመስል። መልስ መስጠት ከተውኩ ቆየሁ። ወገቤም እንደ ድሮው አያስቆመኝም።

እዚያው ፒያሳ አንድ የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት በውሃ ቀለም ስጀምር በሩን ለመጨረሻ አስቀረሁት። የከሰዓት ፀሐይ እስክታርፍበት እጠብቃለሁ ብዬ ነበር። ደከመኝና «ነገ» ብዬ ሄድኩ። ነገ ያልኩት ሳምንት ሆነ። ስመለስ ቤቱ ፈርሶ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። ስንቴ አይቼው የበሩ ቀለም ጠፋብኝ። በግምት ልቀባው ብዬ ብሩሼን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

አምስት ኪሎ በተዘጋጀ ትንሽ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ላይ በሩ ባዶ ነጭ ወረቀት እንደሆነ ሰቀልኩት። አንዲት አሮጊት ፊቱ ቆመው ቀሩ። ለካ ልጆቻቸውን ያሳደጉት እዚያ ቤት ነው። አፈርኩ።

«እማማ፣ በሩን አልጨረስኩትም። ቀለሙን ይንገሩኝና እቀባዋለሁ» አልኳቸው።

«አትንካው ልጄ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከነጩ ላይ ሳያነሱ። «ክፍት መስሏል። እኛም የወጣን ቀን ሳንዘጋው ነው የሄድነው።»