ብትቆሚም አይቆምልሽም

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ውዝዋዜ ሲያሠለጥኑ ኖረው አንድም ቀን በቴፕ አሠርተው አያውቁም። ቴአትር ቤት እያሉም፣ ጡረታ ወጥተው ኮልፌ ግቢያቸው ውስጥ እኛን የሰፈር ልጆች ሲያሠሩም፣ ልምምድ የሚጀመረው የድሮ ጓደኛቸው ከበሮ መቺው ሲደርሱ ብቻ ነበር። ታክሲ ጠፍቶ ቢያረፍዱ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።

«ጋሼ፣ እስኪመጡ በስልክ ብንለማመድስ?» እላቸዋለሁ።

«ቴፕ አያይሽም» ይሉኛል። «ብትቆሚም አይቆምልሽም። እሱ ግን ትከሻሽን እያየ ነው የሚመታው።»

ግትርነት ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ወር ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ደስ እንዲላቸው ብዬ ከስልኬ ዘፈን ከፈትኩላቸው። «ዝጊው» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ከበሮ መቺው መጡ። ጋሼ አጠገብ ተቀምጠው የአልጋውን ብረት በጣታቸው መታ መታ ያደርጉ ጀመር። የጋሼ ትከሻ ነቅነቅ አለ። ትከሻው ሲዘገይ ጣቱም ዘገየ። እንቅልፍ ወስዷቸው ትከሻው ሲቆም ጣቱም ቆመ።

በማግስቱ አረፉ።

ለቅሶው ላይ አላለቀስኩም። ድንኳን ውስጥ ወንበር አቀረብኩ፣ ንፍሮ አዞርኩ፣ «እግዜር ያጥናሽ» ሲሉኝ «አሜን» አልኩ። እስካሁንም እንባ አልመጣም።

ትናንት ከዓለም ባንክ ሰፈር በሚኒባስ ስመለስ ሾፌሩ ጋሼ ሁልጊዜ ያሠሩን የነበረውን ዘፈን ከፈተ። ዱሮ ቢሆን ትከሻዬ ሳላዘው ይነሳ ነበር። አሁን ግን አልተነሳም። ሰፈር ስደርስ «ወራጅ አለ» አልኩ።

ታክሲው ቆመልኝ። ዘፈኑ አልቆመም።