ቅርጫታችንን ወደ ላይ የሳብን ቀን

ሐሜት አይደለም የማወራው። በዓይኔ ያየሁትን ነው። መስኮቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከስሩ መቅሻማው አለ፣ የመስጊዳችን የአትክልት ቦታ። ሰው ለሶላት ሲታጠብ ውሃው በቦይ ወርዶ እዚያ ያለውን ባሮ ሽንኩርትና ፍጅል ያጠጣል። ድሮ እሱ ብቻ ይበቃ ነበር። አሁን የጉድጓዱ ውሃ ወደ ታች ስለራቀ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ የፓምፑን ናፍጣ የሚሰጠው የከተማው ጽሕፈት ቤት ነው። ይህችን ያዙልኝ።

መቅሻማውን የምታለማው ተቂያ ናት። እዚያው ጥግ ባለችው ጎጆ ተወለደች፣ እዚያው ተዳረች። አባቷም አያቷም ቀሻም ነበሩ፣ አትክልተኞች። በኛ በሰንዓ ልጆች ሲጣሉ ስድባቸው «አንተ የቀሻም ልጅ!» ነው። አትክልታቸውን እንበላለን፣ ልጃችንን ግን አንድርላቸውም። እንግዲህ እንደዚህ ነን።

ባሏ ሉጥፍ ጉድጓድ ሊጠርግ ወርዶ ገመድ ተበጥሶበት ሞተ። በሦስተኛው ቀን ተቂያ ጎንበስ ብላ ፍጅል ስትነቅል አየኋት። «ምን ዓይነት ልብ ነው!» ብዬ ለሰፈሩ አዳረስኩ። ፍጅል ለቅሶ ጨርሱ ብሎ እንደማይጠብቅ እኔ በምን አውቄ?

መቅሻማውን የከበቡት አሥራ አንድ ቤቶች ናቸው። ማናችንም ለአትክልት ደረጃ አንወርድም። ረፋድ ላይ ተቂያ ከታች «አውርዱ!» ትላለች፤ እኛ ቅርጫታችንን በገመድ እናወርዳለን፤ ሞልታ ትሰደዋለች። እሷ ቅርጫቱን አይታ ቤቱን ታውቃለች። ጤና አዳም ያዘዘች አራስ አለባት ማለት ነው። ባሮ ሽንኩርት በእቅፍ ያዘዘ እንግዳ መጥቶበታል። ድንብላል ብቻ የሚጠይቅ እጁ አጥሮታል፤ ለሱ ሳይጠይቃት ፍጅል ትጨምርለታለች። የሰፈሩን ሆድ በሙሉ ታውቃለች፤ ግን አንዲት ቃል ከአፏ አይወጣም። አርባ ዓመት ጠየቅኋት፣ አርባ ዓመት ዝም። እኔ የሚያወራ ሰው አልፈራም። እያወቀ ዝም የሚል ሰው ግን፣ ምን ይዞ ነው?

ታዲያ አንድ ሰሞን ከአንድ ሰውዬ ጋር ስትንሾካሾክ አየኋት። ኮት ለብሷል፣ ወገቡ ላይ ጩቤውን ታጥቋል፣ ብብቱ ስር ወረቀት። መደቡን በእርምጃው ለካ። ጎጆዋን ዞረ። በሳምንቱ ደግሞ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ጫታችንን ይዘን ሴቶቹ ስንቀመጥ ነገርኩ።

«ሸጣዋለች» አልኩ። «በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእርምጃ ለክቷል።»

ማዶ ያለችው ኸይሪያ፣ ያቺ ቀይ ገመድ ያላት፣ ራሷን ነቀነቀች። «ሐጃ ሐሊያ፣ ሰውዬው የከተማው ጽሕፈት ቤት ሰው ነው። ወንድሜ ያውቀዋል፣ ሙጠሀር ይባላል። ቅርጫት ሊቆጥር ነው የሚመጣው!»

«ቅርጫት ምን ያደርግለታል?»

«ሊያስከፍለን ነዋ! በቅርጫት ይሄን ያህል ሊለን።»

«እሷ ነች ያመጣችብን!» አለች አንዷ። «ዝምተኛ ድመት!»

ተማማልን። ሰውዬው ሲመጣ አንድም ቅርጫት አይወርድም። ሐሳቡ የማን እንደነበር አትጠይቁኝ።

ሰኞ ረፋድ ላይ መጣ። ተቂያ ፍጅሉን አጥባ፣ ባሮ ሽንኩርቱን አስራ፣ በሶብላውን ለብቻ ደርድራ ጠብቃለች። አዲስ መሸፈኛ ለብሳለች። እሱንም በክፉ ተረጎምኩት። «አውርዱ!» አለች። ዝም። «ኸይሪያ! ሐጃ ሐሊያ! አውርዱ እንጂ!» ዝም። እኔ ከመስኮቱ ፍርግርግ ጀርባ ሆኜ ትንፋሼን ውጫለሁ።

«የታሉ የምትያቸው ሰዎች?» አላት ሰውየው።

«አሁን ያወርዳሉ ጌታዬ። ትንሽ ይታገሡ።»

ታገሠ። ፀሐዩ ፍጅሉን አጠወለገው። በመጨረሻ ቀና ብሎ ወደኔ መስኮት ተጣራ። «እናቴ! ከዚህ አትክልት ይገዛሉ?»

«እኔ? ባሮ ሽንኩርት?» አልኩ። «ሆዴን ይነፋኛል ልጄ! ከቀመስኩት ሃያ ዓመቴ!»

ምሳዬ እሳት ላይ ነበር። ሽታው ወደ ታች ይውረድ አይውረድ እንጃ። ሰውየው ጻፈ። ተቂያ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የጠወለገውን ፍጅል ትሰበስብ ጀመር።

ሐሙስ ዕለት ፓምፑ ሳይጮኽ ዋለ። የለመድኩት ድምፅ ሲጠፋ ጆሮዬ በላኝ። ቅርጫቴን ባወርድ የሚሞላው የለም። ከዚያ ደረጃዬ ላይ ኮቴ ሰማሁ። ተቂያ ነበረች። በአርባ ዓመት ውስጥ ደጃፌን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው፤ እኔም ግቢ ብያት አላውቅም። ደፉ ላይ ቆመች።

«ሐጃ፣ ናፍጣው ቀረ» አለች። «ሰውየው 'ማንም የማይበላው አትክልት' ብሎ ጽፏል። ቦታውን የመኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት ነው።»

«ታዲያ አንቺ አይደለሽ ያመጣሽው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። የናፍጣውን በጀት ሊሰርዙ ነው ሲባል ሄጄ ለመንኩት። 'ሰው መብላቱን በምን አውቃለሁ?' አለኝ። እኔ ወረቀት አልችል። ረፋድ ላይ ይምጡና ቅርጫቶቹን ይዩ አልኩት። የእርስዎ ቅርጫት ነው ወረቀቴ።»

«አትነግሪንም ነበር?»

«'ብትነግሪያቸው ላንቺ ብለው ያወርዳሉ፣ አላምንም' አለኝ። ደግሞ ለእርስዎ ብነግር፣ ሐጃ...» ብላ ተወችው። ቀሪውን እኔው ሞላሁት።

ያን ቀን ግቢ አልኳት። ገብታ ተቀመጠች።

ቅዳሜ ዕለት አሥራ አንዳችን ባዶ ቅርጫታችንን ይዘን፣ ጉልበቴን እየረገምኩ፣ የከተማው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሙጠሀር አየኝና አወቀኝ።

«ሆድዎን የሚነፋዎት እናቴ አይደሉም?»

«ይነፋኛል» አልኩት። «ግን እበላለሁ። በየቀኑ እበላለሁ። ዋሸሁህ።»

«ሰኞ አንበላም አላችሁ፣ ዛሬ እንበላለን። ማን ነው ያስጠናችሁ? ተቂያ ናት?»

ልክ ነበር። እሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም።

«ስማኝ ልጄ» አልኩት። «ቆጥረህ ልታስከፍለን መስሎን ነው የሸሸነው። ወረቀት ይዞ መጥቶ በጎ ያደረገልን ሰው አላየንማ። አሁን ግን ስማኝ። የታጠብንበት ውሃ ነው ምሳ የሚሆነን። መኪና ላይ ሳይጫን፣ ሳይጠወልግ፣ ከቦዩ ወደ ቅርጫቱ። ድሃውም በሱ ጾሙን አያድርም። ናፍጣውን ብትከለክሉ ውሃው በከንቱ ይፈሳል፣ እኛም ከሩቅ ገበያ የደረቀ ቅጠል እንለቅማለን። አንዴ ድንጋይ የተነጠፈበት መሬት ተመልሶ ባሮ ሽንኩርት አያበቅልም። እኔን አትመነኝ። ሳትነግረን ና። በፈለግከው ቀን።»

«ሳልነግራችሁ?»

«ለተቂያም አትንገራት። ብትነግራትም እሷ ለማንም አታወራም።»

ሳቀ። ግን ቃል አልሰጠንም።

ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆንን ልንገራችሁ። በየቀኑ ረፋድ ላይ ቅርጫቶቻችን እንደተንጠለጠሉ ናቸው። ኮት የለበሰ ባለፈ ቁጥር «እሱ ነው!» እንባባላለን። አንድ ጊዜ ለሳሙና ሻጭ ስድስት ቅርጫት ወረደለት። ተቂያ መደቡን በባልዲ እያጠጣች ከረመች፤ ኸይሪያ ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ባልዲ እንዲሸከሙላት ሰደደቻቸው። ለቀሻም! ዓይኔ ባያይ አላምንም ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መጣ። ኮት የለ፣ ወረቀት የለ፣ ሽማግሌ መስሎ ሻርፕ ተከናንቦ። እኔ በአረማመዱ አወቅኩት፣ ግን ትንፍሽ አላልኩም። በሕይወቴ አውቄ ዝም ያልኩት ያኔ ብቻ ነው፤ ከባድ ነው እናንተ! ተቂያ «አውርዱ!» አለች። አሥራ አንዱም ወረደ። የሚሞላው አትክልት ግን ትንሽ ስለነበር አንዳንድ እስር ብቻ ደረሰን። ሰውየው ጥጉ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ቅርጫት አየ፣ ሄደ።

ናፍጣው ተመለሰ። ለዘንድሮ ነው። ለከርሞ ደግሞ ያዩታል አሉ። እኔ አላምናቸውም፤ ስለዚህ ቅርጫቴን በየረፋዱ ማውረዴን አልተውኩም።

ትናንት ታዲያ ፓምፑ እየጮኸ፣ ባሮ ሽንኩርቴ ሊሳብ ሲል፣ ከኸይሪያ ቅርጫት ላይ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ጤና አዳም! በዚያ ቤት ግን አራስ የምትሆን ያገባች ሴት ልጅ የለች፣ ምራት የለች።

«ተቂያ!» አልኩ። «የኸይሪያ ጤና አዳም ለማን ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ገመድዎን ይሳቡ ሐጃ» አለች፤ «ባሮ ሽንኩርትዎ እየጠወለገ ነው።»