ለእማዬ አፍ የመጣው ዳማከሴ

እማዬ ካንሰር እንዳለባት አልነገርናትም። እኔና ታናሽ እህቴ ተማክረን «የደም ማነስ ነው፤ ባሕር ዳር እየሄድሽ መርፌ ትወስጃለሽ» አልናት። እሷም እሺ ብላ ሁለተኛውን ዙር ወሰደችና እንጅባራ እኔ ቤት ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ አፏ ቆሰለ። ምላሷ፣ ድዷ፣ የጉንጯ ውስጥ፣ አንድም ደህና ቦታ የለም። ውሃ ስትውጥ እንኳ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ሐኪሙ ሲሸኘን ለብቻዬ ጠርቶ ነግሮኝ ነበር፤ ኬሞው፣ ያ የካንሰሩ መርፌ፣ አፍ ያቆስላል፣ በጨው ውሃ ትጉመጥመጥ፣ ካልበላችና አቅም ካጣች ግን ቀጣዩን ዙር ልንሰጣት አንችልም ብሎኛል። ስለዚህ ጭንቀቴ ሁሉ አንድ ነበር፤ እማዬ ትብላ።

የእማዬ እኩያ የሆኑት ጎረቤታችን ሊጠይቋት መጥተው አፏን ገና ሲያዩ «ኧረ ይሄ ምን ሐኪም ያስፈልገዋል? ምች ነው እንጂ!» አሉ። አልፈርድባቸውም። እኛ ዘንድ ወጥ ሠርቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ከንፈሩ ከቆሰለ ምች መትቶታል፤ ለምች ደግሞ ዳማከሴ ነው። ወዲያው ከጓሯቸው ቆርጠው፣ በመዳፋቸው አሽተው፣ ጭማቂውን በስኒ ይዘው ተመለሱ። «ምነው ዝም አላችሁኝ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!» ብለው ተቆጡኝ። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች።

ምን ልበላቸው? ምች አይደለም ካልኩ «ታዲያ ምንድነው?» ሊሉኝ ነው፣ እማዬ እየሰማች። ዝም ካልኩ ደግሞ ያ ጭማቂ ያ ሁሉ ቁስል ላይ ሊፈስ ነው። «ትንሽ ትረፍና አጠጣታለሁ፤ እርስዎ አይቸገሩ» ብዬ ስኒውን ተቀበልኳቸው።

ጓሮ ወጥቼ ከቀርከሃው አጥር ሥር ኔትወርክ ፈልጌ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ለምትማረው ለዚያችው ታናሽ እህቴ ደወልኩ።

«ከዕፅዋት ወጥተው የአፍ ቁስል ይከላከላሉ ተብለው የሚጠኑ ነገሮች አሉ» አለችኝ። «እርድ ውስጥ ያለው፣ ሬት ውስጥ ያለው...»

ደስታዬን ብታዩ! «በይ እርድ በጥብጬ ላጉመጥምጣት?»

«ኧረ በማርያም እንዳታደርጊው! የሚጠናው ተጣርቶና ተመጥኖ ነው። ከኬሞው ጋር የሚጣላም ይኖራል።»

«ዳማከሴስ?»

«ለዚህ ሲጠና አላየሁም።»

«ስለዚህ ይጎዳታል?»

«አይታወቅም።»

«አይታወቅም ለማለት ነው እስካሁን የምትማሪው?» ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። የጎረቤቴ ቅጠል አይሆንም፣ የሳይንሱም ቅጠል ገና ነው። ቅጠል በሞላበት አገር ለእናቴ አፍ የሚሆን አጣሁ። አለቀስኩ።

ፊቴን ጠርጌ ስገባ እማዬ ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ባሕር ዳር ከጎኔ የተኛችዋን አይተሻታል?» አለችኝ፤ ቃሉ አፏ ውስጥ እየተጎተተ።

«አይቻታለሁ።»

«አፏ እንደኔው ነው። ከሷ ወዲያ ያለው ሰውዬም እንደኔው ነው። ሁላችንንም ምች መታን?»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። «እማዬ፣ ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ዝም ያላችሁት እናንተ! እኔማ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው።»

ማን ማንን ሲያስታምም እንደከረመ ጠፋኝ። እማዬ ግን ገና አልጨረሰችም። «ለጎረቤቴ እንዳትነግሪያት። ምች ነው ብላ ስትመጣ ትቆጣኛለች፣ ታስቀኛለች። ያኛውን ከሰማች ልታለቅስብኝ ነው የምትመጣው።»

«ዳማከሴውንስ ምን ላድርገው?»

«ድፊው። ስኒውን አጥበሽ መልሺላትና ጠጣች በያት።»

የጨው ውሃውን አቀበልኳት። ተጉመጠመጠች፤ ፊቷ ጭምድድ አለ፤ ተፋችው። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀችና እጇን ዘረጋች።

«በይ አጥሚት አምጪልኝ፤ ኬሞው እንዳያመልጠኝ።»