ፈንግል ገብቷል

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «እማማ፣ ፈንግል ገብቷል፤ ዶሮዎችዎን ይዝጉ» አለችኝ።

በጣሊያን ጊዜ ቤታችን ደብረ ኤልያስ አጠገብ ነበር። አርበኛው አባቴ ቆስሎ መጥቶ ጓዳ ያለው ባዶ ጎተራ ውስጥ ተደብቋል። ረፋድ ላይ አንድ ባንዳ ለአለቃው ዶሮ ሊወስድ መጣ። ዶሮዎቹ ያሉት ደግሞ እዚያው ጎተራው ሥር ነው።

«ፈንግል ገብቶብናል ጌታዬ፤ በልብስዎ ይዘውት እንዳይሄዱ» አለች እናቴ።

ፈንግል የዶሮ በሽታ መሆኑን አላውቅም ነበር። የአባቴ የጫካ ስሙ መሰለኝ። ነገረችበት ብዬ ጮኼ አለቀስሁ።

ይባስ ብሎ አውራው ዶሮ ከጓዳ ጮኸ።

«ይኼ ነው የታመመው?» አለ ባንዳው።

«እሱ ብቻ ነው የተረፈ። ልጅቱም የምታለቅሰው ለዶሮዎቿ ነው» አለች እናቴ። ባንዳው እንባዬን አየና ወጥቶ ሄደ።

በሳምንቱ ፈንግል የእውነት ገባ። አውራው ሳይቀር ሁሉም አለቁ። እናቴ ስትቀብራቸው፣ «ተመስገን፣ በእነሱ ይለፍ» ስትል ሰማኋት።

ዛሬ ልጅቷ እንደሄደች፣ ባንዳው የመጣ ይመስል ዶሮዎቹን ውጭ ትቼ የራሴን በር ቀረቀርሁ።