ለፕሪንተር ዋስ አምጣ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ...

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የድንች ዘር የሚያባዙ ገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። አምና የቢሮውን ፕሪንተር የመረጥኩት እኔው ነበርኩ። ርካሽ አገኘሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገዛሁት። ምን ያደርጋል! በየወሩ ቀለም አለቀብኝ ይላል። የቀለሙ ወጪ ማሽኑን ሊያስከነዳው ምንም አልቀረው።

ዘንድሮ ሥራ አስኪያጃችን አስጠርቶ «አዲስ እንገዛለን። አሁንም እንደ አምናው ከሆነ ግን ወንበርህን ትተህ ገሳይ ከተማ ካለው ድንች መጋዘን ትገባለህ» አለኝ። የገሳይን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ብርድ አልችልም።

በማኅበራችን ደንብ ከገበሬዎቹ የተመረጠ አንድ አባል አብሮ ካልፈረመ ግዥ የለም። የተመረጡት አያ ደሴ ናቸው፤ የጉና ግርጌ ሽማግሌ፣ በሬ በመምረጥ ስማቸው የገነነ። በሬ የሚገዛ ሁሉ እሳቸውን ይዞ ነው ገበያ የሚወጣው። ፕሪንተር ግን ከዚያ ቀን በፊት ተጠግተው አያውቁም። ምን በወጣኝ አልኩ በሆዴ።

ሱቁ ገባን። ባለሱቁ ሰይድ ይባላል። ዓይኔ ወዲያው አንዲት ነጭ፣ ትንሽዬ፣ የምታብረቀርቅ ፕሪንተር ላይ አረፈ።

«ይኼ ነው! አያ ደሴ፣ ዋጋው ቅናሽ፣ ሥራው ፈጣን፣ በስልክ ሳይቀር ያትማል!»

አያ ደሴ ዞር ዞር ብለው አዩት። ክዳኑን ከፍተው ወደ ውስጥ አጮለቁ። ጎኑን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ወደ ሰይድ ዞረው...

«ምን ይበላል?»

አቤት ማፈሬ! ሰይድ ግን ኮስተር ብሎ መለሰላቸው። «ቀለም ነው አባቴ። ቶነር ይሉታል።»

«አብሮት የመጣው ብዙ ያቆየዋል?»

«እ... አብሮት የሚመጣው ሙሉ አይደለም። ለመጀመሪያ ያህል ነው።»

«መኖው እዚህ ይገኛል?»

«ከባሕር ዳር ነው የምናስመጣው።»

«ያለቀውን መልሶ መሙላትስ?»

«ይኼኛው የተሞላ አይቀበልም። ሁልጊዜ አዲስ ነው የሚፈልገው።»

አያ ደሴ ወደ እኔ ዞሩ። «ሆዳም ነዋ!»

«ኧረ ይተዉ አያ ደሴ፣ እኔ አጥንቼዋለሁ!» አልኩ። ውሸቴን ነው። በስልክ ማተሙ ልቤን ወስዶት የቀለሙን ዋጋ ጭራሽ አላየሁትም።

«እሺ» አሉና ለሰይድ «ዋስ አምጣ» አሉት።

በእኛ አገር ከብት ሲሸጥ ሻጩ ዋስ ይጠራል። የተሰረቀ እንዳይሆን፣ አመለኛ እንዳይሆን። አያ ደሴ ደግሞ በዕድሜያቸው ያለ ዋስ የገዙት ነገር ያለ አይመስለኝም።

«አባቴ፣ ለማሽን ምን ዋስ አለው? ይኸው የጋራንቲ ወረቀት...»

«ወረቀት አላልኩህም። ሰው!»

ይኼኔ የሱቁ በር በተመልካች ተሞላ። ሰይድ እየሳቀ ጎረቤቱን ጠራ። እትዬ ዘሐራ ኮፒ ቤት አላቸው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያትሙ የሚውሉ ሴትዮ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ በሳቅ ሊሞቱ።

«ልጄ» አሏቸው አያ ደሴ፣ «ይኼ ነጩ ሆዳም አይደለም ብለሽ ዋስ ትሆኚዋለሽ?»

የእትዬ ዘሐራ ሳቅ ቆመ። ዋስነት ቀልድ አይደለማ!

«ወላሂ ለዚህስ አልሆንም። እኔ ቤት የሚሠራው የዚያ ዓይነቱ ነው» ብለው ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ፣ ቋት የሚያክል ግራጫ ፕሪንተር አሳዩን። «ቀለሙን እዚሁ አስሞላዋለሁ። ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ድራሙም ለብቻው ይቀየራል። ዋጋው ወደድ ይላል እንጂ ከገዛሁት በኋላ አላስቸገረኝም።»

እኔ ግን መች እሰማለሁ! «እሱማ በስልክ አያትምም!» አልኩ።

አያ ደሴ ረጋ ብለው አዩኝ። «እንግዲያው ለነጩ አንተ ዋስ ሁነው። ስታሞግሰው ነው የዋልከው። ሆዳም ሆኖ ከተገኘ ቀለሙን ከኪስህ ትገዛለህ።»

...

ሰው ሁሉ አፌን ያያል። የነጩን ክዳን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

«ያኛው... ያኛው ይሻላል» አልኩ በመጨረሻ።

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ሰይድ ሆዱን ይዞ ባንኮኒው ላይ ተደፋ።

«ለእሱስ ትሆናለህ?» አሉ አያ ደሴ፣ እሳቸው እቴ አይስቁም።

እፍረቴን ልሸፍን ብዬ ቸኮልኩ። «እሆናለሁ! አሁን አንዴ ቀለም ከተሞላ እስከ ፍልሰታ አይጠይቅም!»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ወዲያው፣ ከፍልሰታ በፊት ካለቀ ቀለሙን ከኪሴ እንድገዛ አጻፉኝ፣ አስፈረሙኝ፣ ሰይድና እትዬ ዘሐራ እማኝ ሆኑ። አያ ደሴ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና የግዥው ሰነድ ላይ ፈረሙ።

እነሆ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ማሽኑ እንደ በሬ ይሠራል፣ እሱስ እውነት ነው። ፍልሰታ ግን ገና ስንት ወር ይቀራታል! ሰው «ሁለት ኮፒ» ሲለኝ «ሁለተኛው ለምንህ ነው?» እላለሁ። ደብዳቤ በደቃቅ ፊደል ነው የማወጣው። ሒሳብ ሠራተኛዋ አኩርፋኛለች።

ትናንት ሥራ አስኪያጁ ራሱ የልጁን የክርስትና መጥሪያ ይዞ መጣ። «መቶ አውጣልኝ።»

ፕሪንተሩን በሰውነቴ ከለልኩት። «ይቅርታ አለቃ፣ እትዬ ዘሐራ ኮፒ ቤት ይሞክሩ። እኔ ዋስ ነኝ።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ወረቀቱን ይዞ ወደ ኮፒ ቤቱ ሄደ።

እና ወገን፣ ፕሪንተር ስትመርጡ ቀለሙንም ድራሙንም ጠይቁ፤ ከሁሉ በፊት ግን ዋስ የሚሆን ሌላ ሰው ፈልጉ።