ዋሱ ይጠራልኝ

አማቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ሲመጡ አንድ ምኞት ብቻ ይዘው ነበር፤ ባሕር አጠገብ አድሮ መንቃት። ባሕር ያዩት ከአውሮፕላን መስኮት ነው፤ እሱንም ክንፉ ጋርዷቸው። እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ፣ «እማማ፣ መኝታ ቤትዎን ጭኜ ነው የምወስድዎት» አልኳቸው። አዲስ ካምፐር ገዝተን ነበራ! አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው መኪና። ሮተርዳም ያለው ቤታችን ራሱ እንደሱ የተሟላ አይደለም።

ዞተርሜር ካለው የሻጩ ግቢ አውጥቼ ገና ወደ ግራ ስታጠፍ፣ መሳቢያዎቹ በሙሉ ሊቀበሉኝ ወጡ። ቁም ሣጥኑን ስከፍት እጀታው እጄን ጨብጦ አብሮኝ መጣ። መብራት ሳበራ የውሃው ፓምፕ እንደ ኮርማ ያጓራል። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። አማቴ ለሙከራ ጋደም ባሉበት ቀን ግን ዘነበ። ዝናቡ ሌላ መውረጃ ያጣ ይመስል፣ በጣሪያው መስኮት በኩል ቀጥ ብሎ ትራሳቸው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። ስልክ ያነሳችው ልጅ «ኻራንሲ አለው፣ አይጨነቁ» አለችኝ። ቀጠሮ የሰጠችኝ ግን አማቴ ቪዛቸው አልቆ፣ አገራቸው ገብተው፣ የልጅ ልጅ ልጅ ካዩ በኋላ ነው።

«ምን አለችህ?» አሉኝ።

«ዋስትና አለው ነው የምትለው፣ እማማ።»

«ዋስ አለው? ታዲያ ምን ያንጨረጭርሃል! ዋሱ ይጠራ!»

ወረቀት መሆኑን ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ወረቀት ደግሞ መቼ ዋስ ሆኖ ያውቃል? ዋስ ሰው ነው። ፊት ያለው፣ የሚያፍር።»

በማግስቱ ያለ ቀጠሮ ዞተርሜር ሄድን። እዚህ አገር ያለ ቀጠሮ ከመምጣት በፒጃማ መምጣት ይሻላል። ዝናቡ ይወርዳል። አማቴ ካምፐሩ ውስጥ ነጠላቸውን አደላድለው፣ «ዋሱ ካልመጣ ንቅንቅ አልልም» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። በራ፣ ቁመቱ የትየለሌ፤ ለሁለት ታጥፎ ገባ። ጣሪያውን ገረፍ አድርጎ አየና «ኮንደንስ ነው» አለ።

«ትንፋሽዎ ነው ይላል፤ ወደ ላይ ወጥቶ ውሃ ይሆናል» ብዬ ተረጎምኩ።

«የኔ ትንፋሽ? ደረጃ መውጫ እንኳ የማይበቃኝ ትንፋሽ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዘነበ? ዋሱ አንተ ነህ ወይ በለው።»

ጠየቅኩት። የኻራንሲው ኃላፊ እሱ ራሱ መሆኑን ነገረኝ። አማቴ ወዲያው ትራሳቸውን ገፋ አድርገው ሰውዬውን ከጣሪያው መስኮት ሥር አስቀመጡት፤ እፍኝ ቆሎም አስጨበጡት። ቆሎ ይዞ ደግሞ የት ይሄዳል? መቆርጠም እንደጀመረ አንዲት ጠብታ በራው ላይ አረፈች። ጠረጋት። ሌላዋ ተከተለች።

«ትንፋሹን ይያዝ በለው» አሉ አማቴ።

አልኩት። ምስኪን፣ እውነት መስሎት ጉንጩን ነፍቶ ያዘ! ጠብታው እቴ፣ እንዲያውም ባሰበት። ሰውዬው ከአንገቱ እስከ አናቱ ቲማቲም መሰለ።

አማቴ ጎሸም አደረጉኝና፣ «አየህ፣ አፈረ። ዋስ ማለት ይኸው» አሉኝ።

መካኒኩ ያኔውኑ ተጠራ። መስኮቱ ዙሪያውን ማሸጊያ የሚባል ነገር ጨርሶ አልነካውም ነበር። ለመሳቢያዎቹ ቀጠሮዬን እስካሁን እየጠበቅኩ ነው፤ ወደ ቀኝ ብቻ እየታጠፍኩ።

ከዴን ሃግ ወዲያ፣ ባሕሩ አጠገብ አደርን። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤ ትራሱ ግን ደረቅ ነበር። ጠዋት አማቴ በሩን ከፍተው ደፉ ላይ ተቀመጡ። ዳር የሌለውን ውሃ አሻግረው አዩና ወደኔ ዞር አሉ።

«ይህ ሁሉስ የማን ትንፋሽ ነው ይሉ ይሆን?»