«ሞራላችሁ እንዴት ነው?»

የታሰርኩት በአንድ ጥያቄ ነው። ለጦር ግንባር አዲስ ምልምል ይሰጥ ተብሎ በቀበሌያችን አዳራሽ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ሊቀ መንበሩ ንግግሩን ሲጨርስ እጄን አወጣሁና «ባለፈው ዙር ከዚህ ሰፈር የሄዱት ልጆች የት ደረሱ?» ብዬ ተቀመጥኩ። ሌላ ነገር አልጨመርኩም። ነገር ግን ከኋላዬ አንዲት እናት ድምፅ አውጥተው ማልቀስ ጀመሩ፤ እሳቸውን ተከትለው ሌሎችም። በማግስቱ ሁለት ሰዎች ትምህርት ቤት መጥተው ከማስተምርበት ክፍል ጠሩኝ። ጠመኔ እጄ ላይ እንዳለ ላንድሮቨር ውስጥ አስገቡኝ።

ሩቅ አልሄድንም። እኔ ተወልጄ ያደግሁት አቃቂ በሰቃ ነው፤ አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ዓይኔን ሸፍነውኝ ቢሆን እንኳ የት እንደደረስን አውቅ ነበር። ያወረዱኝ ከሐዲዱ አጠገብ ያለ የማዳበሪያ መጋዘን በር ላይ ነው። ማዳበሪያው ወጥቶ ሰው ይታጎርበት ጀምሯል። ወለሉ ላይ የቀረው ብናኝ ዓይን ይለበልባል፤ ላብ ሲነካው ቆዳ ያሳክካል። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን ቀን አየሩ ይታፈናል፣ ማታ ማታ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ባቡር ሲያልፍ ቆርቆሮው በሙሉ ይንጫጫል። እስረኛ ከእስረኛ የሚያወራው ያን ጊዜ ነው፤ ጠባቂው አይሰማማ።

መጀመሪያ ከጥቂት የፋብሪካ ሠራተኞች ጋር ነበርኩ። እነሱን ወደ ሌላ ቦታ ሲወስዷቸው እኔን ማንም አልጠራኝም። የተረሳሁ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ወታደሮቹን ያመጧቸው።

ጦራቸው ሰሜን ላይ ተበትኖ በእግራቸው የመጡ ናቸው። ወደ ደቡብ ወደየአገራቸው ሊያልፉ ሲሉ ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ ተያዙ። አብዛኞቹ ጫማ የላቸውም፤ በመንገድ በዳቦ ለውጠውታል። አንዱ ከወታደር ሱሪው በላይ የሴት ሹራብ ለብሷል። በመጨረሻ የገቡት ሁለት ሰዎች ከአርሲ፣ ከአንድ መንደር የመጡ ናቸው። አንደኛው ጭኑን የተመታ ነው፤ ቁስሉ ከሩቅ ይሸታል። ሌላው በዕድሜ ጠና ያለ ሚሊሺያ ሲሆን ጓደኛውን አዝሎት ነው የገባው። ሊያወርደው ሲል እጆቹ አልዘረጋ ብለውት እኔና ባለ ሹራቡ ጣቶቹን አላቀቅንለት።

ሚሊሺያው አማርኛ ይሰማል እንጂ ለመናገር ይቸገራል። እኔ ደግሞ ኦሮምኛ ከጎረቤቶቻችን ልጆች ጋር ከብት ስጠብቅ የተማርኩት የልጅነት ቋንቋዬ ነው። ሳናግረው ቀና ብሎ አየኝና «ከየት ነህ?» አለኝ።

«ከዚሁ ነኝ» አልኩት።

«ከዚሁ ሆነህ ታሰርክ? እኛስ አገራችን ሩቅ ነው» አለ።

ወታደሮቹ በገቡ በማግስቱ አንድ ሻምበል መጣ። ጫማው የተወለወለ፣ ጢሙ የተላጨ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ሥራው መግረፍ አይደለም። የሠራዊቱን አመለካከትና ሞራል ማጥናት ነው። ጠባቂው ወንበር አመጣለት፤ ወታደሮቹን በየተራ ከፊቱ እያስቆመ መጠየቅ ጀመረ። «ሞራልህ እንዴት ነው? ክፍልህን ለምን ለቀቅህ? እናሸንፋለን ብለህ ታምናለህ? ብትመለስ ትዋጋለህ?» ኦሮምኛ ብቻ ለሚናገሩት «አስተማሪው የቱ ነው?» ብሎ እኔን ከጎኑ አቆመኝ።

መጀመሪያ የተጠየቀው የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ የነበረ ቀጭን ወታደር ነው። «አናሸንፍም፣ ጓድ ሻምበል። አዛዦቹ ቀድመውን ሲሄዱ በሬዲዮ የሰማሁት እኔ ነኝ» አለ። ሻምበሉ አልተቆጣም። ጻፈና «የሚቀጥለው» አለ። ከሰዓት በኋላ ካሚዮን መጥቶ የመገናኛ ሠራተኛውን ብቻ ወሰደው። ቀበቶው በተኛበት ቦታ ቀረ። ማንም አላነሳውም።

ከዚያ በኋላ መልሱ አንድ ሆነ። ሻምበሉ በመጣ ቁጥር ሁሉም ተረከዙን ገጥሞ «ሞራሌ የጋለ ነው! ብመለስ እዋጋለሁ!» ይላል። ቆመው መናገር የማይችሉት ግድግዳ ተደግፈው ይላሉ። ቁስለኛውም እንደተኛ ይህንኑ ይላል። እኔም ተረጎምኩ። «የጋለ ነው ይላል።» «እሱም የጋለ ነው ይላል።» ሻምበሉ ፊቱን ሳያነሳ ይጽፋል።

ውጭው ግን እየተለወጠ ነበር። ወታደሮቹን «ፈሪ» እያለ በእርግጫ ይቀሰቅሳቸው የነበረው ጠባቂ በሩ ላይ ተቀምጦ ሲጋራውን ያካፍላቸው ጀመር። አንድ ቀን ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ቲቸር፣ ሰፈርህ እዚህ አይደል? የሲቪል ሱሪ የሚገኝበት ቤት አታውቅም?» አለኝ። የጠባቂው ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ማርሽ ብቻ ያሰማል። ባቡሩም ቀረ። ባቡሩ ሲቀር ማውራት አቆምን፤ ጠባቂው ቢሰማን እንኳ ግድ እንደማይሰጠው እያወቅን። ዳቦው ቀረና ቆሎ መጣ፤ ቆሎውም ቀረ። ውኃ በጀሪካን ሲመጣ ቆይቶ፣ አንዳንድ ቀን የሚያመጣው ይጠፋ ጀመር።

ቁስለኛው አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ስለ አንዲት ላም ይጠይቅ ነበር፤ ወለደች ወይ እያለ። ሚሊሺያው «ወልዳለች፣ ቀይ ጥጃ ናት» ይለዋል። ትንፋሹ ሲቆም ሚሊሺያው ዓይኑን ከደነለትና ቆርቆሮውን በመዳፉ መታ። ጠባቂው መጣ።

«ሰው ሞቷል» አልኩት።

«ትእዛዝ አልመጣም» አለ።

«የምን ትእዛዝ? እንቅበረው ነው የምንልህ።»

«ቲቸር፣ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው የት እንዳለ አላውቅም» አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

ሙቀቱ እየበረታ ሄደ። ዝንቡ መጣ። ሚሊሺያው በባለ ሹራቡ ወታደር ሹራብ ዝንቡን ከሬሳው ላይ ያባርር ነበር፤ ልጁ ሳይጠየቅ ነው አውልቆ የሰጠው።

በዚህ ሁኔታ ላይ እንዳለን ሻምበሉ መጣ። አልተላጨም፤ ጫማው አቧራ ነው። ወንበር የሚያመጣለት አልነበረም፤ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ አነባብሮ ተቀመጠ። ሬሳውን አይቷል። ግን ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና ወደ ሚሊሺያው አገጩን አነሳ። «ሞራልህ እንዴት ነው በለው።»

ተረጎምኩ። ሚሊሺያው ከሬሳው አጠገብ ሳይነሳ መለሰ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ እኔ በልቤ ያን የመገናኛ ሠራተኛና ካሚዮኑን እያሰብኩ ነበር። ሲጨርስ ወደ ሻምበሉ ዞሬ «ደክሞኛል፣ ጓደኛዬ ሞቶብኛል ይላል» አልኩ።

ሚሊሺያው የእጄን አንጓ ያዘኝ። አጥብቆ አይደለም። «ጄዲ» አለኝ። በል፣ ማለት ነው። «እኔ እንዳልኩት በል። እሱ ሰው አድርጎ ከጠየቀኝ እኔም እንደ ሰው ልመልስለት።»

ስለዚህ አልኩ። እስከማስታውሰው ድረስ እንዲህ ነበር፦

«ስንዘምት እየዘፈንን ነበር። ኋላ ዘፈኑ ቀረ። ቀጥሎ ጠላትን መስደብ ቀረ፤ እነሱም እንደኛው ጭቃ ውስጥ እንደሆኑ አየን። ከዚያ ስለ ቤት ማውራት ቀረ፤ ስለ ቤት ያወራ በማግስቱ ይሞታል ተባለ። መጨረሻ ላይ መፍራት ቀረ። አለቆቻችን ጀግንነት መሰላቸው። የሚፈራ ሰው እኮ መኖር የሚፈልግ ነው። እኛ ጥይት ሲመጣ ጎንበስ አንልም ነበር። ሞራል የምትሉት ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም። ከእነዚህ ከቀሩት አንዱ ከሆነ፣ ቀርቷል። አሁን የምፈልገው ይህን ሰው መቅበር ነው።»

ሻምበሉ መጀመሪያ መጻፍ ጀምሮ ነበር። ዘፈኑ ቀረ የሚለው ላይ እስክሪብቶው ቆመ። «ያልከው በሙሉ እሱ ያለው ነው?» አለኝ።

«በሙሉ እሱ ያለው ነው፣ ጓድ ሻምበል።»

«የሚቀጥለው» አለ፤ ድምፁ ግን ጥያቄ ይመስል ነበር።

ሹራቡን የሰጠው ወታደር ተነሳ። ተረከዙን አልገጠመም። «እኔም እንደ እሱ ነኝ» አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም «እኔም» አለ። ከጥግ አንድ ሌላ ድምፅ፣ «እኔም።» የሚተረጎም ነገር አልነበረም።

ሻምበሉ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ አስገባ። ሲነሳ ለማን እንደሚናገር አላወቅንም፤ ወለሉን ነበር የሚያየው። «ይህን ወደሚቀበለኝ ቢሮ ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነበር፤ በሩ ተዘግቷል» አለ። «ትናንትም ተዘግቶ ነበር።» ከዚያ ወጣ። ከውጭ ከጠባቂው ጋር ሲነጋገሩ ሰማን፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማንም። በሩ ተቆለፈ።

ካሚዮኑን መጠበቅ ጀመርን። ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ተናግሮ ዝም አይባልም ብለን ሁላችንም እርግጠኛ ነበርን። አንድ ወታደር የማላስታውሰውን መዝሙር በከንፈሩ ይል ነበር። ሚሊሺያው ጠርቶ የመንደሩን ስምና የሚስቱን ስም ነገረኝ፤ የሟቹንም እናት ስም። ደግመህ በል አለኝ፤ ደገምኩ። «አንተ ሲቪል ነህ፤ ምናልባት ይተዉሃል» አለ።

ጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ውኃ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ጉንጭ ቢደርስ ነው። ከንፈራችን ተሰነጣጥቋል። ሚሊሺያው ጀሪካኑን አየ፤ መጠየቅ ግን አልቻለም። እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ «ሟቹ እስላም ነው፤ ሳይታጠብ አይቀበርም።»

አንዱ «ለሞተ ሰው? እኛስ?» አለ። ማንም አልተቆጣውም፤ ሁላችንም በሆዳችን ያልነውን ነው ያለው። ጥቂት ቆይቶ ግን ያው ሰውዬ ተነሳና ጀሪካኑን አንስቶ መጣ። «ማነው የሚያፈሰው? እኔ ላፍስስ፣ እጄ አይንቀጠቀጥም» አለ።

ሚሊሺያው አጠበው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን ገላው ላይ ነበር። አንድ ጠብታ እንኳ በከንቱ አልፈሰሰም። እንደታሰርኩ ሰሞን ባለቤቴ ስንቅ ስታቀብል ጠባቂው ምግቡን አስቀርቶ የተጠቀለለበትን ነጠላ ብቻ ሰጥቶኝ ነበር፤ እሱን ከፈን አደረግንለት። መስቀል ያሰሩትም የጀናዛው ሶላት ሲሰገድ ከኋላ ተሰልፈው ቆሙ።

ካሚዮኑ አልመጣም። ሲነጋ ከውጭ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ የጠባቂው ሳል እንኳ። ባለ ሹራቡ በሩን ገፋ አደረገው፤ ተከፈተ። ቁልፉ መሬት ላይ ወድቋል። የጠባቂው የደንብ ልብስ በሩ አጠገብ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ማንም አልሮጠም። መጀመሪያ ወጥመድ መሰለን፤ እየሸሹ ተገደሉ ለማለት የተዘጋጀ። ቆየን። ከዚያ ሚሊሺያው ሬሳውን ለማንሳት ጎንበስ ሲል ሌሎቹ ከበቡት። ያ ሁሉ ሰው፣ አገሩ ሊገባ ከሰሜን ድረስ በባዶ እግሩ የተጓዘ ሰው፣ ክፍት በር እያለ ሬሳ ተሸክሞ ወጣ። ከሐዲዱ ማዶ ባለው ሜዳ በቆርቆሮ ቁራጭና በእጃችን ቆፈርን። ቀብረን ስንጨርስ ነው እያንዳንዱ ወደየመንገዱ የሄደው። አብዛኞቹ እጄን ጨብጠውኛል። ሚሊሺያው ሐዲዱን ይዞ ወደ ታች ሄደ፤ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ነበር የሚራመደው። ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁት።

መንገዱ ሲረጋጋ አርሲ ሄድኩ። መንደሩን አገኘሁት። የሟቹ እናት በሕይወት ነበሩ። ለቅሶው ሲበርድ እጄን ይዘው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማን አጠበው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ውኃው ከየት እንደመጣም ነገርኳቸው። እነዚያን ወታደሮች የወለዱ እናቶችን መረቁ።

የሚሊሺያው ሚስት በሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። እሱ አልደረሰም።

አሁን የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከልጄ ጋር ነው። መጋዘኑ ፈርሷል። ያ ሜዳ ቤት ተሠርቶበታል፤ በዚያ ሳልፍ የትኛው ግቢ እንደሆነ መለየት አልችልም፣ ቆም ብዬ አልፋለሁ። የዚያን ጊዜ ሠራዊት ለምን ፈረሰ የሚለውን በሬዲዮ ብዙ ሰው ሲተነትን እሰማለሁ። ሻምበሉ የት እንደደረሰ፣ ያንን ወረቀትስ ምን እንዳደረገው አላውቅም።

የሚሊሺያው ሚስት አርጅታለች። በየዓመቱ በዓረፋ ማግስት የልጅ ልጇ ይደውልልኝና ስልኩን ያቀብላታል። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ትጠይቃለች። ከዚያ «እስቲ ንገረኝ» ትላለች። እነግራታለሁ፤ ሐዲዱን ይዞ ወደ ታች ሄደ፤ በእግሩ ነበር፤ ጠዋት ነበር፤ አልቆሰለም። ይመጣል አልላትም። ሞቷልም አልላትም። እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው ያየሁት። «እሺ» ትላለች፤ «በሚቀጥለው ዓመት እደውላለሁ።»